ሟች ላልተገኘለት ለቅሶ የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 2፡30 (በካናዳ ሰዓት)
ቦታ፦ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ የሕንፃው ላውንደሪ (የልብስ ማጠቢያ) ክፍል (ፓርቲ ሩሙ ለልደት በመያዙ)
የተገኙ፦ ወ/ሮ ጠጂቱ፣ የእድሩ ሊቀመንበር፤ አቶ ዋለልኝ፣ ምክትል ሊቀመንበር፤ ወ/ሪት ናኦሚ፣ የወጣቶች ተወካይ፤ ዘርይሁን፣ ጸሐፊ
ተጠርተው የቀረቡ፦ አቶ ሙሉነህ፣ ባለጉዳይ፤ ወ/ሮ እታገኝ፣ ባለቤታቸው

ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አምስተኛው ሥራ ላይ መሆናቸውን በቴክስት አስታውቀዋል፤ ሁልጊዜም ሥራ ላይ ናቸው።

አጀንዳ 1፦ ባለፈው ሰኞ፣ በፋሚሊ ዴይ በዓል የተለቀሰው ለማን እንደሆነ ማጣራት

ሊቀመንበሯ ባለፈው ሰኞ እድሩ ሠላሳ ወንበር ማውጣቱን፣ ስድሳ ሁለት ሰውም አቶ ሙሉነህ ቤት ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ መውጣቱን አስታውሰው፣ እስከ ዛሬ ግን የሟች ስም ያመጣ እንደሌለ ገልጸዋል። ጸሐፊው፣ በዕለቱ ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ወንበሮቹን እስከ ዘጠነኛ ፎቅ በጀርባው ያወጣው እሱ መሆኑ እንዲመዘገብ ጠይቋል። ተመዝግቧል።

አቶ ዋለልኝ የአቶ ሙሉነህ ጎረቤት ናቸው። ሰኞ ከቀኑ 2 ሰዓት ገደማ በግድግዳው በኩል የወንድ ለቅሶ እንደሰሙ፣ «ወንድ ልጅ እንዲህ የሚንሰቀሰቀው እናቱ ስትሞት ነው» ብለው እንደገመቱና መርዶውን ለእድሩ የዋትስአፕ ግሩፕ እንዳስተላለፉ አስረድተዋል። ለምን በሩን እንዳላንኳኩ ሲጠየቁ፣ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ እንደማይገባና ምስር ወጡ ገና እንዳልበሰለላቸው ተናግረዋል። ቀኑ ሥራ ዝግ ስለነበር ማንም የሚቀርበት ሰበብ አላገኘም።

አቶ ሙሉነህ የሞተባቸው ዘመድ እንደሌለ፣ ያለቀሱትም የፍቅር ፊልም አይተው እንደሆነ አምነዋል። ፊልሙን የመረጡት ባለቤታቸው ናቸው። አቶ ሙሉነህ ሌሊቱን ዌርሃውስ ሥራ አድረው ስለገቡ መተኛት ፈልገው እንደነበር፣ የፍቅር ፊልም ሥራ ፈት ለሥራ ፈት የሚሠራው ነው ብለው እንደተከራከሩ፣ ተዋናዩ ዝናብ ላይ ቆሞ ልጅቷን ሲለምንም «ጃኬት የለውም እንዴ?» እያሉ እንዳላገጡ ገልጸዋል። ልጅቷ ሆስፒታል ከገባች በኋላ ግን ራሳቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። ወ/ሪት ናኦሚ ስለ ፊልሙ «ሶ ኮርኒ፣ የተለመደ ነገር፣ እኔ ግማሹን ስኪፕ ነው ያደረግኩት» ያሉት ከአጀንዳ ውጪ ተብሎ ታልፏል።

አቶ ሙሉነህ ለቀስተኛው ሲገባ እውነቱን ለምን እንዳልተናገሩ ተጠይቀው አንድም ውሸት አለመናገራቸውን ገልጸዋል። «ማን ናት?» ሲባሉ «ገና ወጣት ነበረች» ብለዋል፤ «ምን ሆና?» ሲባሉ «ልቧን» ብለዋል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጸሎት ስለጀመሩ ማቋረጥ ነውር ሆኖባቸዋል። አቶ ዋለልኝ በበኩላቸው ለአንዲት ተዋናይ አንገታቸውን ደፍተው እንዳነቡ፣ ሴትዮዋ ግን በሌላ ፊልም በደህና እየሠራች እንደሆነ በምሬት ተናግረዋል። ወ/ሪት ናኦሚ በስልካቸው አጣርተው በሕይወት መኖሯን አረጋግጠዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል፦
ሀ. አቶ ሙሉነህ ለአንድ ዓመት ከእድሩ ይታገዱ፤ በዚህ ጊዜ ሐዘን ቢደርስባቸው ማንም አይገባላቸውም።
ለ. በግድግዳ ለቅሶ የሰማ አባል መርዶ ከማስተላለፉ በፊት ቴሌቪዥን መሆን አለመሆኑን ያጣራ።
ሐ. አሳዛኝ ፊልም የሚያይ አባል ቀድሞ በግሩፑ ያሳውቅ።

አቶ ሙሉነህ ውሳኔ «ሀ» እንዲነሣላቸው ለምነዋል። «እናቴ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፣ አልጋ ላይ ናት። ዘንድሮ መርዶ ቢመጣብኝ ለብቻዬ ልቀመጥ ነው?» ብለዋል። አቶ ዋለልኝ ያን ጊዜስ ማን ያምንሃል ሲሉ መልሰዋል። ልመናው ተቀባይነት አላገኘም። ጸሐፊውም በወንበሮቹ ምክንያት ለእገዳው እጁን አውጥቷል።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሮ እታገኝ ዕድል ይሰጠኝ ብለው የተናገሩት እንዲህ ይነበባል፦

«እኔ ስፖንሰር ተደርጌ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። እሱ ሌሊት ነው የሚሠራው፣ እኔ ቀን ነርሲንግ ሆም። እሱ ሲገባ እኔ ባስ ላይ ነኝ። የምንነጋገረው ፍሪጁ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ነው። ሰኞ ዕለት ሁለታችንም ኦፍ ሆንንና ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ካናዳ ከገባሁ ይህን ያህል ተቀምጠን አናውቅም። ማልቀስ የጀመረው ፊልሙ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው። እጄን ይዞ ‹ሊያልቅ ነው እኮ› አለኝ።»

አቶ ዋለልኝ ሳይጠየቁ፣ ባለቤታቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ነቅተው ያገኟቸው ሐሙስ እንደሆነ ተናግረዋል። ሊቀመንበሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገዋል። ጸሐፊው ስለ ወንበሮቹ ያስመዘገበው ቅሬታ እንዲሰረዝለት ጠይቆ፣ አንዴ ተጽፏል በሚል ሳይሰረዝ ቀርቷል።

ስለሆነም ከ«ሀ» እስከ «ሐ» የተወሰኑት ሁሉ ተሽረዋል። የሰኞው ለቅሶ በደንቡ መሠረት የተለቀሰ ለቅሶ ሆኖ ይያዛል፤ የአቶ ሙሉነህ እናት ነገር የመጣ ዕለትም እድሩ እንደ አዲስ ይወጣል።

ስብሰባው በ4፡10 ተዘግቷል። አቶ ሙሉነህ ሥራ የሚገቡት ከምሽቱ በ7 ሰዓት በመሆኑ፣ ባልና ሚስቱ ቃለ ጉባኤው እስኪነበብ ሳይጠብቁ አሁኑኑ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።