ቀስ በሉ፣ ትደነግጣለች

በየቤተሰቡ አንድ የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺ አይጠፋም። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ ተደብቆባችሁ ነው፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ።

እኛ ቤት ያሉት የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ፊት ለፊት ጋሼ እላቸዋለሁ፤ በሌሉበት ግን ስማቸው ክቡር ቀስበሉ ነው። ከአፋቸው ከሚወጣው ነገር ግማሹ «ቀስ በሉ፣ ትደነግጣለች» ስለሆነ ነው። የምትደነግጠው አንዳንዴ ወፍ ናት፣ አንዳንዴ ሚዳቋ፣ አንድ ቀን እንዲያውም እንሽላሊት ነበረች። እኛስ እንደነግጥ እንደሆነ? ጠይቀውን አያውቁም። በእሳቸው ምክንያት ስንት ጊዜ እንደደነገጥኩ ብነግራችሁ ልቤ እስካሁን በቦታዋ መኖሯ ይገርማችኋል።

መተዳደሪያቸው ፎቶ ቤት ነው። ሳምንቱን ሙሉ በዚያች ጠባብ ክፍል የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ያነሳሉ። «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ ጨርሰናል፣ የሚቀጥለው።» ሥራውን አይወዱትም። «ሰው ካሜራ ሲያይ ፊቱን ይቆልፍና ቁልፉን ኪሱ ይከታል» ይላሉ። «እንስሳ እንዲህ አያደርግም።» ስለዚህ የእረፍት ቀን ሲመጣ በሩን ከርችመው ወደ ጫካ ነው። ጭቃ ይወዳሉ፤ ዝናብ ይወዳሉ፤ ሣር ላይ በደረታቸው ተኝተው ጉንዳን እየበላቸው ፊታቸው ላይ የሚታየው ደስታ ሙሽራ ፊት ላይም አይገኝም።

ሙሽራ ካልኩ አይቀር፣ በጫጉላ አልበማቸው ውስጥ እህቴ ያለችበት ፎቶ አንድ ብቻ ነው። እሱም ክርኗ ነው። ከክርኗ ጎን ሳቢሳ የምትባል ወፍ ቆማለች። ሳቢሳዋ ጥርት ብላለች፤ ክርኑ ደብዝዟል።

«ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው» ትላለች እትዬ። «ግን አንዴ ፈርሜያለሁ።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ቤተሰቡን ሰብስበው ሐይቅ ዳር ወሰዱን። ዳክዬ ላይ ሲያነጣጥሩ ድንጋይ አዳለጣቸውና ጥልቅ ብለው ሐይቁ ውስጥ ገቡ። እስከ አንገታቸው ውኃ ዋጣቸው፤ ካሜራውን የያዘው ቀኝ እጃቸው ብቻ እንደ ባንዲራ ተሰቅሎ ቀረ። እኔ ጩኸቴን አቀለጥኩት።

«አትጩኺ፣ ትደነግጣለች» አሉኝ። «ይልቅ ካሜራውን ተቀበይኝ።»

ተቀበልኳቸው። እጄን ዘርግቼ ላወጣቸው ስል ደግሞ፣ «ቆይ ቆይ፣ ከዚህ ሆኖ ሲታይ የበለጠ ያምራል። መልሺልኝ።»

መለስኩላቸው። ምን ላድርግ።

ይህ ሁሉ ግን ሜዳ ላይ ነበር። ዘንድሮ ቤቴ ድረስ መጡብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በረንዳዬ ላይ የተሰቀለችው የልብስ መቆንጠጫ ቅርጫት ውስጥ ዋኖስ እንቁላል መጣሏን ለእትዬ በስልክ ነገርኳት። ስልክ ሳወራ ድምፄ ከፍ ይላል፤ ታች ፎቅ ያሉት ጎረቤቴ አልፎ አልፎ መልስ ይሰጡኛል። ጋሼ ከእትዬ ጎን ቁጭ ብለው ሰሙ።

በማግስቱ ጠዋት በሌሊት ልብሴ፣ ውኃዬን በብርጭቆ ይዤ ወደ ሳሎን ስወጣ መጋረጃዬ አስነጠሰ።

ብርጭቆው ከእጄ አመለጠ።

«ቀስ» አለ መጋረጃው። «ትደነግጣለች።»

«ጋሼ?»

«እትዬሽ ቁልፍ ሰጥታኝ ነው። ስብርባሪውን በኋላ ትጠርጊዋለሽ፣ አሁን መጥረጊያው ድምፅ አለው።»

ጉዳዩ ቀልድ አልነበረም። የከተማችን የባህል አዳራሽ ኃላፊ በዘንድሮው ዐውደ ርዕይ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ግድግዳ ሊሰጧቸው ተስማምተዋል። «ነገር ግን ቁጭ ያለች ወፍ ሁሉም ጋ አለ» ብለዋቸዋል። «መሐሉ ላይ የሚሰቀል ሌላ ነገር አምጡ፤ አለዚያ ቦታው ለአበባ ሠዓሊዋ ነው።» ጋሼ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ አሳደው ያላገኙት አንድ ፎቶ አለ፦ ጫጩት ለመጀመሪያ ጊዜ ክንፏን አምና ጎጆዋን ስትለቅ። ወይ ቀድማቸው ትሄዳለች፣ ወይ ቅጠል ይጋርዳቸዋል። እኔ በረንዳ ላይ ቅጠል የለም።

ከዚያ ወዲያ ፎቶ ቤቱ የሚከፈተው ከሰዓት ብቻ ሆነ። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ጫጩቷ ላባ እስክታወጣ ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት ክቡርነታቸው መጋረጃዬ ውስጥ ናቸው፤ ትልቁ ካሜራ በባለ ሦስት እግሩ ላይ፣ ትንሿ አንገታቸው ላይ። እኔ ቤቴ ውስጥ ልብስ ሰፍቼ የማድር ሰው ነኝ። የስፌት መኪናዬን ከሶኬቱ ነቀሉት። በእጄ መስፋት ጀመርኩ። ጨርቅ የምቆርጠው ሽንት ቤት ገብቼ፣ በር ዘግቼ ሆነ። በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ስለተከለከለ አንሶላው ሁሉ ሳሎን ውስጥ ተንጠለጠለ፤ ጋሼም ለመደበቂያ ተመቻቸው። አንዷ ደንበኛዬ ለልክ መጥታ፣ በመርፌ ብቻ የተያያዘ ቀሚስ ለብሳ ስትቆም አንሶላው «እጅሽን አታወዛውዢ» አላት። ደረጃውን በሩጫ ነው የወረደችው። ቀሚሱም አብሯት ሄዷል።

ያን ጊዜ መረረኝ።

«ጋሼ፣ እስከ ነገ ካልበረረች ቅርጫቴን አወርዳለሁ።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ፊታቸው ልክ እንደ ጉርድ ፎቶ ተቆለፈ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ ምን እንደምላቸው አዘጋጅቼ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ጋሼ ትልቁ ካሜራ ላይ ተደፍተዋል። ጫጩቷ ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ወጥታለች። ትወዛወዛለች። ክንፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ትከፍታለች። የጋሼ ጣት ቁልፉ ላይ ነበር። አይቼዋለሁ፣ እምላለሁ፣ ቁልፉ ላይ ነበር።

ጣታቸውን አነሱት። ዞር ብለው እጄን ያዙና ወደ በረንዳው በር መስታወት ሳቡኝ።

«እዪ» አሉኝ።

ወደቀች። ከበረንዳው ብረት በታች ጠፋች። ከዚያ ብቅ አለች፤ ቀጥ ብላ፣ አየሩን እየቀዘፈች፣ መንገዱን ተሻግራ ማዶ ጣሪያ ላይ አረፈች። እኔ አንድ ቃል አልወጣኝም። ከጎኔ «ቀጭ» የሚል ነገር የሰማሁ መሰለኝ፤ የራሴ ልብ ይሁን ሌላ አልለየሁም።

«አገኟት?» አልኩ በመጨረሻ።

«ሄደች።»

«እኔን ከሚጎትቱ ለምን አልተጫኑትም?»

«አንቺስ መቼ ልታያት ነው?» አሉና የካሜራ ገመዳቸውን መጠቅለል ጀመሩ።

ያን ቀን ቤቱ ጸጥ አለብኝ። የስፌት መኪናዬን ሰካሁ፤ ግን አንድ ስፌት ሰፍቼ አቆምኩ። በእኔ ምክንያት ግድግዳቸው ለአበባ ሊሄድ ነው።

ዐውደ ርዕዩ የተከፈተ ቀን አበባ ለማየት ልቤን አዘጋጅቼ ሄድኩ። በግራ ንስር፣ በቀኝ ሚዳቋ፣ ከላይ ያቺ የሐይቋ ዳክዬ፣ ከውኃ ደረጃ የተነሳች። መሐል ላይ፣ ከሁሉም ገዝፌ፣ እኔ አለሁ።

ጫጩቷ በበረረችበት ጠዋት፣ በሌሊት ልብሴ። ፀጉሬ ዋኖሷ ከሠራችው ጎጆ የባሰ። አፌ ተከፍቷል፣ ዓይኔ ተበልጥጧል፣ ፊቴ እንደ ሕፃን ፊት ወለል ብሏል። ከሥሩ፣ ልክ ለሌሎቹ እንስሳት እንደተጻፈው በትንሽ ካርድ ላይ፦ «ጎልማሳ ሴት። መኖሪያ፦ አራተኛ ፎቅ። ድምፅ፦ ከፍተኛ። ዝም ብላ ስትታይ ይህ የመጀመሪያው ነው።»

«ለእኔ ክርን፣ ለአንቺ ግድግዳ» አለችኝ እትዬ ከኋላዬ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ግን ድምፅ እምቢ አለኝ፤ ግድግዳው ላይ ካለችው ሴትዮ ጋር አፋችንን ከፍተን ተፋጠጥን። አንዲት ጎብኚ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግሞ ፎቶውን አየች። ከዚያ ጓደኞቿን ጠርታ ስልኳን እያወጣች ወደ እኔ ገሰገሰች።

ጋሼ ከየት መጡ ሳልል መሐላችን ገቡ። እጃቸውን ዝቅ አድርገው ዘረጉ፣ እንደዚያ ጫካ ውስጥ እንደሚያደርጉት።

«ቀስ በሉ» አሏቸው። «ትደነግጣለች።»