በቀን የተኛች ጤነኛ

አንባቢዬ፣ ሰው ጤነኛ ሆኖ በጠራራ ፀሐይ ቢተኛ ምን ይባላል? እኔ መልሱን እስካሁን አላውቀውም። እኔ በምኖርባት በወገዳ ከተማ ግን በቀን የተኛ ሰው ታሟል፤ የታመመ ደግሞ ይጠየቃል።

የሆስፒታል ነርስ ነኝ። ተረኛ ሆኜ አድሬ ስመለስ ከዓለም ሁሉ የሚናፍቀኝ ትራሴ ነው። ገና ዓይኔ ሲከደን ጎረቤቶቼ "እግዜር ይማርሽ!" እያሉ ይገባሉ። በሽተኛን ቶሎ ጥሎ መሄድ ነውር ነውና፣ አልጋዬን ከበው ስለ ዝናቡ መዘግየት ያወጋሉ። አንድ ቀን አከራዬ እማሆይ ፊቴ ላይ ጠበል ሲረጩብኝ ብንን አልኩ።

"ተመስገን፣ ነቃች!" አለ ቤቱን የሞላው ሰው። እኔም አመሰገንኩ። ታዲያ ምን ልበል?

በሌላ ቀን ጠበሉን ይዘው ሲገቡ እንባዬ ቀደመኝ።

"እማሆይ፣ አልታመምኩም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ነው የማድረው። እንቅልፍ ናፍቆኝ ነው።"

"ውይ ልጄን! ታዲያ እስከ ዛሬ አፍሽን ምን ዘጋው?"

ነጠላቸውን አልብሰውኝ ወጡና በሩን ገጥመው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ወዲያው አንዲት ጎረቤት ደረሰች።

"እንዴት አደረች?"

"ሰው ስታስታምም። በይ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ!"

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልሰማሁም።