በሕዝብ ኩሬ ውስጥ እስከ አንገቴ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጠዋት ጂንካ ገበያ መሀል ባጃጅ ኋላ ተደብቄ ነው የዋልኩት። ዋልኩ ስል አንድ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን ቀን ሙሉ ነበር።

እኔ! ጡረታ የወጣሁ፣ ጉልበቴ ስነሳ የሚንቋቋ፣ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው!

የባጃጁ ሹፌር "ጋሼ፣ ማንን ነው የሚሸሹት?" አለኝ።

"ማንንም።"

"ታዲያ ምን ያስጎነብስዎታል?"

"ጫማዬን እያሰርኩ ነው" አልኩት። ያደረግሁት ነጠላ ጫማ ነበር።

የሸሸሁት አንድ ሽማግሌ ነው። ኮረሪማ ያስመዝን ነበር። ስሙ ወልካ ይባላል። ምንም አላደረገኝም፤ ነገሩን ያከበደብኝም ይኸው ነው። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከአርባ ዓመት በላይ የያዝኩትን ዛሬ ልናዘዝ ነው። ኮመንት ላይ ስትሰድቡኝ ብቻ ተራ ጠብቁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ከአርባ ምንጭ ተመድቤ የመጣሁ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነኝ። ጠዋት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ፣ ከሰዓት በኋላ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ። ካኪዬ የተተኮሰ፣ ብዕሬ ደረት ኪሴ ላይ የተሰካ። በዛሬ ቋንቋ ኢንፍሉዌንሰር በሉኝ።

መሥሪያ ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ጫካ በእሾህ ሽቦ አጠረ። ውስጡ ወንዝ አለ፤ ወንዙ አንድ ቦታ ላይ ሰፋ ብሎ ኩሬ ይሠራል። ከአጥሩ በፊት የአካባቢው ሰው እዚያ ያድን ነበር፣ ቀፎ ይሰቅል ነበር፣ ሲሞቀው ገብቶ ይዋኝ ነበር። ከአጥሩ በኋላ እሑድ እሑድ አለቃችንና እንግዶቹ ጅግራ ያድናሉ፣ ይዋኛሉ፣ ይዝናናሉ። ሌላው ሰው ከሽቦው ውጭ ቆሞ ያያል።

በሩ ላይ የቆመውን ሰሌዳ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር፣ ምን ላድርግ!

ላይኛው መስመር በትልቁ፣ በቀይ ቀለም፦ "ይህ መሬት የሰፊው ሕዝብ ነው።"

ታችኛው መስመር፣ ቀለሙ እያለቀብኝ ስለነበር በትንሹ፦ "ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው።"

አዎ፣ ሁለቱም አንድ ሰሌዳ ላይ። አዎ፣ ያኔ አላሳቀኝም። እንዲያውም ወደ ኋላ ሄድ ብዬ አደነቅሁት።

ወልካ ተማሪዬ ነበር። የአሪ ገበሬ፣ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጥ፣ እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ "አንተ" የምለው። እንደ እሱ በፊደል የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም። የሳሙና ወረቀት ያነባል፣ የመኪና በር ያነባል፣ የማዳበሪያ ከረጢት ያነባል። የበቆሎ ማሳው ከዚያ አጥር ጋር የተያያዘ ነው።

አንድ እሑድ አለቃችን ከተማ የለም ሲባል ሰማሁ። የበሩ ቁልፍ ደግሞ እኔ ዘንድ ነው። ቀኑ ይፋጃል።

ምን እንዳሰብኩ መቼም ገብቷችኋል። እኔም ለአንድ ቀን አለቃ ልሁን አልኩ።

በሩ ጋ ስደርስ ወልካ ጦሩን ይዞ ማሳው ዳር ቆሟል። በቆሎው ሊደርስ ትንሽ ስለቀረው ከከርከሮ እየጠበቀ ነው። ሚስቱ ከወዲያ ማዶ ትጠብቃለች። ቁልፉን ሳወጣ ጠጋ አለ።

"አስተማሪ፣ እኔም ልግባ?"

ዝም ብዬ "ግባ" ብለው ወይም "አይሆንም" ብለው ምን ነበረበት? እኔ ግን አስተማሪ ነኛ! ወደ ሰሌዳው ጠቆምኩና "እስቲ አንብብ" አልኩት።

ጣቱን ከፊደል ፊደል እያስከተለ ጀመረ። "ይህ... መሬት... የሰፊው... ሕዝብ... ነው።" ጨርሶ ዞር ሲል ፊቱ በርቷል። "እኔ ሕዝብ ነው" አለኝ።

"ነህ እንጂ!"

ከዚያ ጣቱ ወደ ታችኛው መስመር ወረደ። "ያ... ለ... ፈ..."

"ይበቃል፣ ግባ" አልኩት።

ተማሪውን ማንበብ አቁም የሚል አስተማሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? እንግዲህ ተዋወቁት።

ገባን። በሩን ከኋላዬ አልዘጋሁትም፤ አለቃ በር አይዘጋም ብዬ ይሆናል። ወልካ በዱላ ውርወራ ሁለት ጅግራ ጣለ። እኔ ካኪዬን አውልቄ፣ አጣጥፌ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩና "ጠብቅልኝ" ብዬው ኩሬው ውስጥ ገባሁ። ዋና አልችልም። የምችለው መንቦራጨቅ ነው። ግን ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፤ ጂንካ ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ የላንድሮቨር ድምፅ ሰማሁ።

አለቃችን የትም አልሄደም ነበር።

ሮጬ ኩሬው ዳር የበቀለው ሸምበቆ ውስጥ ገባሁና እስከ አንገቴ ጠለቅሁ። አለቃውና አንድ ዘበኛ ዳር ላይ ደረሱ። ወልካ ጦሩን፣ ሁለት ጅግራና የእኔን ልብስ ይዞ ቆሟል።

"ማን አስገባህ?" አለ አለቃው።

ወልካ ልብሱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

"ይሄ ልብስ የማን ነው?"

ወልካ ቀስ ብሎ ወደ ሸምበቆው አየ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ?

ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። አትናገር ማለቴ ነው።

"የኔ ነው" አለ ወልካ።

ወገኖቼ፣ ብዕር የተሰካበት ካኪ! እሱ ዘንካታ፣ እኔ ድንክ! ሱሪው ጉልበቱን አያልፍለትም። ዘበኛው ሱሪውን ሲያራግፈው የበሩ ቁልፍ ዱብ አለ። "ሌባ!" ሲል ሰማሁ። ቀጥሎ ጥፊ ሰማሁ። አላየሁትም፤ ያኔ እስከ አፍንጫዬ ጠልቄ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

አምስት እርምጃ ብራመድ አበቃ ነበር። "እኔ ነኝ ያስገባሁት" ማለት ብቻ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ "ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ፈርተው ነው" ልትሉኝ ነው። እውነት ነው፣ ዘመኑ ክፉ ነበር። ግን ያን ሰዓት እስር ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ አለቃዬ ፊት በውስጥ ሱሪ መቆሜ ነው። ያሳፈረኝ እሱ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ምን እንደሚያሳፍርና ምን እንደማያሳፍር እንኳ አላውቅም ነበር።

ወልካን ይዘውት ሄዱ። ካኪዬም አብሮ ሄደ።

ጎንበስ ብዬ በእሱ በቆሎ ውስጥ ለውስጥ ወደ ከተማ ስሾልክ ከሚስቱ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠምን። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። አልሳቀችም።

"ልብስህን ወንዝ ወሰደ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ።

ከላይ የደረበችውን አንሶላ አወለቀችና ሰጠችኝ። "ወልካን አየኸው?" ስትለኝ "አላየሁትም" አልኳት። ባሏን የወሰዱበት የመኪና አቧራ ገና አልሰከነም ነበር። አንሶላዋን ለብሼ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት አለቃው ካኪዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ።

"ይሄ ያንተ አይደለም?"

እዚህ ላይ ሌላ ዕድል ነበረኝ። ዕድል እንደ እኔ የለመነው ሰው የለም።

"የእኔ ነው ጓድ። አጥቤ ካሰጣሁበት ገመድ ላይ ነው የጠፋብኝ።"

"ቁልፉም?"

"ኪሱ ውስጥ ረስቼው ነበር።"

"ለወደፊቱ ተጠንቀቅ" አለኝ። "በል ቁጭ በልና ክሱን ጻፍ።"

ጻፍኩት። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፌ። ተከሳሽ ወልካ፣ ያለ ፈቃድ በመግባት፣ በስርቆት። አንድም ፊደል አልተሳሳትኩም።

ሦስት ሳምንት ታሰረ። በየቀኑ ነገ ለአለቃው እናገራለሁ እል ነበር። አንድ ቀን ቢሮው በር ድረስ ሄጄ ፊርማ ማስፈረም ነው የመጣሁት ብዬ ተመለስኩ፤ የሚፈረም ወረቀት ግን አልያዝኩም ነበር። ስንቅ ልላክለት ብዬም አሰብኩ፤ ማን ላከ ቢባልስ ብዬ ተውኩት። አንሶላውን እንኳ የመለስኩት ሰው በሌለበት ሰዓት አጥሩ ላይ ሰቅዬ ነው።

ሚስቱ ከትንንሽ ልጆቿ ጋር ብቻዋን ማሳውን መጠበቅ አልቻለችም። በሁለተኛው ሳምንት ከርከሮ ገባ። በዚያ ሳልፍ በቆሎው ተጋድሞ አየሁ። ቆረቆንዳው ተግጦ አልቋል። የዓመት ቀለባቸው ነበር። ልጆቹ ከመሬት ላይ የተረፈች ፍሬ ይለቅማሉ። እኔ ደግሞ አንገቴን ሰብሬ አለፍኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ያለ ምንም ፍርድ ለቀቁት።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ ማስተማር አለብኝ። አይመጣም ብዬ ነበር። ልንገራችሁ፣ እንዳይመጣ ጸልዬ ነበር። እኔ ብሆን አልመጣም።

ክፍል ስገባ ከፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ፀጉሩ ተላጭቷል። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጓል።

እንዳየኝ ብድግ አለ። ቀጥ ብሎ፣ እጁን ግራና ቀኝ አውርዶ ቆመ።

የእኛ ክፍል እንዲህ ያለ ልማድ አልነበረውም። አስተማሪ ሲገባ የሚነሳ የለም፤ ገበሬ ናቸው፣ ደክሟቸው ነው የሚመጡት። ሌሎቹ እሱን አይተው ግራ ተጋቡና አንድ ሁለት እያሉ ተነሱ። አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ተነሱ። እኔ ያንኑ ካኪ ለብሼ በሩ ላይ ቀርቻለሁ።

"ወልካ፣ ምነው?" አልኩት።

"እዚያ እንዲህ ነው አስተማሪ" አለ። "አለቃ ሲገባ ይቆማል።"

እየተቆጣኝ አልነበረም። አላሽሟጠጠኝም። እንደ ፊደሉ ሁሉ፣ እስር ቤት ያስተማሩትን ይዞ ነው የመጣው።

ቁጭ በሉ ማለት አቃተኝ። ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞርኩና መጻፍ ጀመርኩ። የጻፍኩት ምን እንደሆነ አላስታውስም። ከኋላዬ ሰዎቹ ጉርምርም እያሉ አንድ በአንድ ሲቀመጡ ይሰማኛል። ሰሌዳውን እስከ ጥጉ ሞልቼ፣ የምጽፍበት ሲጠፋኝ፣ ተገድጄ ዞርኩ።

ወልካ እንደቆመ ነው። እንዲቀመጥ እስኪነገረው ይጠብቃል።

በሉ እንግዲህ፣ እናንተ ብልሆቹ፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ "ቁጭ በል" ብለው ይሰማኛል ትላላችሁ?