ኦሃዮን ማን መታው?

አሜሪካ ውስጥ ሰው ብትመቱ የመታችሁት ሰውየውን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክፍለ ግዛቱንም መታችኋል። እኔ ራሴ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከገባሁ ስንት ዘመኔ፤ ይህን ያወቅሁት ግን ለሽምግልና ፍርድ ቤት የሄድኩ ቀን ነው።

ጊዜው ሁላችንም ማስክ የምናደርግበት ጊዜ ነበር። አንድ ወዳጃችን ልጁን ክርስትና አስነሣና ክሊንተንቪል፣ ቤቱ ጓሮ ደገሰ። ታምራትና ሰለሞንም ነበሩ። ታምራት በዲቪ የመጣ፣ ግሮቭ ሲቲ አንድ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነው። ሰለሞን ቀድሞ የመጣ ጓደኛው ነው፤ ኤርፖርት ተቀብሎ ቤቱ ያሳረፈውም እሱ። ከየት መጣ ሳንል ታምራት ተነሥቶ የሰለሞንን አፍንጫ በቦክስ አለው። እኛ ለመገላገል ስንነሣ ጎረቤት ፖሊስ ጠርቷል። እዚያ ሰፈር በአጥር ላይ ብቅ ብሎ “ኧረ ተው!” የሚል የለም። ይደወላል።

ታምራት በካቴና ተወስዶ ዳኛ ፊት ቀረበ። እዚህ አገር መጀመሪያ የሚጠየቀው ለምን መታህ ሳይሆን ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም ነው። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ አይደለሁም በል አለችው። ልጁ ደነገጠ። ያ ሁሉ ሰው እያየ መትቶ አይደለሁም ይላል? “ጋሼ፣ በምን አፌ?” አለኝ በኋላ። እሷ ግን አስረዳችው፤ አይደለሁም ማለት አስረዱብኝ ማለት ነው፣ ዝም ብለህ ካመንክ ግሪን ካርድህ ላይ ጣጣ ሊመጣ ይችላል። እኛን እንቅልፍ የነሣን ይሄ ነው። ታምራት ሚስቱን ለማምጣት ፕሮሰስ ጀምሯል።

ዳኛው ለቀቁት። ግን ጉዳዩ እስኪያልቅ ሰለሞን ዘንድ እንዳትደርስ፣ በስልክም በሰውም እንዳታገኘው ብለው አዘዙ።

ይህን ለጋሼ ወርቁ ነገርናቸው። ጋሼ ወርቁ በስደት መጥተው ግሮሰሪ የከፈቱ የሽማግሌዎቻችን አለቃ ናቸው፤ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። “እሱ ለባላንጣ ነው” አሉ። “ዳኛው ዳግም እንዳይማቱ ፈርቶ ነው እንጂ መታረቃቸውን ማን ይጠላል?” እውነት አይመስልም? እኔም እውነት መሰለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ታምራትን ይዘን ሚነርቫ ፓርክ የሚባለው ሰፈር፣ ሰለሞን ቤት ሄድን። ታምራት እግሩ ላይ ወደቀ። ሰለሞን አነሣው። ተላቀሱ። ዶሮ ቀረበ። ለምን ተጣላችሁ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ጋሼ ወርቁ ያለፈውን ተዉት ብለው ዘግተውታል። ሰለሞንም “ቻርጁን ድሮፕ አደርጋለሁ” አለ፤ ክሱን አነሣለሁ ማለቱ ነው። አለቀ ብለን ተበተንን።

በቀጠሮው ቀን ነጭ ለብሰን ፍርድ ቤቱ ውስጥ ከኋላ ተደረደርን። ጸሐፊዋ የኦሃዮ ክፍለ ግዛት በታምራት ላይ ያቀረበው ክስ ብላ አነበበች። ጋሼ ወርቁ ወደ እኔ ጠጋ አሉና “ኦሃዮን ማን መታው?” አሉኝ። ምን ልበላቸው? እዚህ ከሳሹ የተመታው ሰው አይደለም፤ እሱ ምስክር ነው። ክሱን የሚያነሣው ዐቃቤ ሕጉ ነው። እኛ ደግሞ ዐቃቤ ሕጉን አንድ ዶሮ እንኳ አላበላነውም።

ይህን አስረድቼ ሳልጨርስ ጋሼ ወርቁ ብድግ አሉ። በግሮሰሪ እንግሊዝኛቸው፣ ክቡር ዳኛ ነገሩ አልቋል፣ እሑድ ቤቱ ሄደን አስታርቀን አብረን በልተናል አሉ። ጠበቃዋ ዐይኗን ጨፈነች። ዳኛው ማን ማን ቤት እንደሄደ ጠየቁ። ጋሼ ወርቁ ደስ እያላቸው ታምራትን በጣታቸው አሳዩ።

ለካ ያ ዕርቅ ትእዛዝ መጣስ ኖሯል! ልጁን እዚያው መልሰው ሊያስሩት ይችላሉ። እኛው ልናድነው ወጥተን እኛው ልናስበላው? ጠበቃዋና ዐቃቤ ሕጉ ዳኛው ዘንድ ቀርበው ብዙ አንሾካሾኩ። ሰለሞንም ፈቅጄ ነው ያስገባሁት አለ። በመጨረሻ ዳኛው ሁላችንንም ገሠጹን። ከዚያ ሁለቱ ወደ አንዲት የፍርድ ቤት አስታራቂ እንዲሄዱ፣ ሲጨርሱ ክሱ እንዲነሣ ተወሰነ። ጋሼ ወርቁ “ታዲያ እኛ ምን ስናደርግ ነበር?” እያሉ እስከ ፓርኪንጉ ድረስ አልበረዱም።

ታምራትን አስታራቂዋ ዘንድ ያደረስኩት እኔ ነኝ። የሆነውን ሲወጣ መኪና ውስጥ ነገረኝ። ሁለቱም ታርቀናል አሏት። ጥሩ ነው፣ ግን ለምን መታኸው? አለችው። ያን ያህል ሽማግሌ ያልጠየቅነውን! እስኪናገር ጠበቀችው። ከዚያ በሆዱ የያዘው ወጣ። ሰለሞን በየድግሱ “ይሄን ሰው ያደረግሁት እኔ ነኝ” እያለ ነው የሚያስተዋውቀው። የክርስትናው ዕለትም ታምራት ከሚስቱ ጋር በቪዲዮ ሲያወራ ስልኩን ተቀብሎ ይህንኑ ለእሷ ነገራት።

“ታዲያ ውሸት ነው?” አለ ሰለሞን እዚያው አስታራቂዋ ፊት።

“ዲቪ የደረሰኝ እኔ! አንተ ከኤርፖርት ራይድ ነው የሰጠኸኝ!”

ቤቱ በጩኸት ተሞላ። አስታራቂዋ አልደነገጠችም። ሁለቱንም እስኪወጣላቸው ሰማቻቸውና፣ ጓደኛ መሆን አይጠበቅባችሁም፣ ዳግም አለመማታት ይበቃል አለቻቸው። በዚህ ተስማምተው ወጡ።

ክሱ ተዘጋ። ግሪን ካርዱ ተረፈ፣ የሚስቱም ፕሮሰስ ቀጠለ። ሰለሞንና ታምራት ግን ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንኳ ሰላም አይባባሉም። ሕጉ ረክቷል፤ የተቸገርነው እኛ ነን።

ትናንት ጋሼ ወርቁ ደወሉልኝ። አሁን የሚከለክለን ዳኛ የለም፣ እሑድ ሽማግሌ ይዘን እንሂድ አሉኝ። እሺ፣ ግን አሁንስ ለምን እንደተጣሉ ብንጠይቃቸው? አልኳቸው።

“አንተ ሰውዬ” አሉኝ፣ “የምትሄደው ልታስታርቅ ነው ወይስ ልታጣላ?”