ጋሽ ተፈራ የተከለከሉት ፔናሊቲ

ጡረታ የወጣ አጥቂ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እግሩ ጡረታ ይወጣል፤ ቂሙ ግን ዛሬም ዘጠና ደቂቃ ይሮጣል። የሰፈራችን ጋሽ ተፈራ በጉብዝናቸው ዘመን አንድ ፔናሊቲ ተከልክለው፣ ይኸው እስከ ዛሬ የሳሪስ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ያወሩታል። እሁድ ዕለት ለትምህርት ቤት ጣሪያ ማሠሪያ ተብሎ አቃቂ ላይ የቀድሞ ዝነኞች ሲጋጠሙ፣ ዳኛው እኚያው የከለከሏቸው ሰው ሆነው ተገኙ። ጋሽ ተፈራ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ማንም ሳይነካቸው ጎሉ ፊት ተዘረሩ።

«ያኔ የከለከልከኝን አሁን ስጠኝ!» አሉ እንደተጋደሙ።

ዳኛው ለበጎ አድራጎት ብለው ሰጡ። ጋሽ ተፈራ ቦርጫቸውን ሰብስበው ለጓት፤ ኳሷ አጥሩን ዘላ፣ ከሚያልፍ ተሳቢ ላይ ተጭና ወደ ሞጆ ነጎደች።

ዳኛው ጠጋ ብለው፣ «ያኔም የከለከልኩህ እኮ ለስምህ ሳስቼ ነው» አሏቸው።