የጋሽ ተክለማርያም ኮራል

በየሰፈሩ አንድ ነገር ብቻ የሚያውቅ ሰው አለ። ያችን አንዷን ነገር ግን እስከ አጥንቷ ድረስ ያውቃታል፤ የቀረውን ዓለም ሁሉ የሚተረጉመውም በእሷ ነው። ዕድለኛ ሰፈር ንብ አናቢ ይደርሰውና ነገሩ ሁሉ በማር ይመሰላል። ሌላው ጡረታ የወጣ ዘበኛ ይደርሰውና ነገሩ ሁሉ በሌባ ይመሰላል። ባሕር አይተን ለማናውቀው ለእኛ ለቀራንዮ ሰዎች የደረሰን የኮራል ሊቅ ነው።

ጋሽ ተክለማርያም የባዮሎጂ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ተመድበው፣ ከዓሣ አጥማጆች ጋር በጀልባ ዳህላክ ድረስ እየሄዱ ባሕሩ ወለል ላይ ኮራል ሲቆጥሩ ኖረዋል። በ1968 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩና ከእኛ ግቢ ጋር የሚዋሰን የጭቃ ቤት ገቡ። ሰውነታቸው መጣ እንጂ ልባቸው እዚያው ውኃ ውስጥ ቀርቷል። ሬዲዮናቸው ላይ ከዚያ ያመጧት ጡጫ የምታህል ነጭ ኮራል ተቀምጣለች። ድንጋይ ያላት ሰው ወየውለት! «ድንጋይ አይደለችም፤ ሺህ ጥቃቅን እንስሳት ግድግዳ ተጋርተው የኖሩባት ቀበሌ ናት» ይሉታል፤ ቀኑም በዚያው ያልፋል።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ኮራል እግር የለውም፤ በተተከለበት ይኖራል። ጎረቤቱ ሌላ ኮራል ይሁን ሰፍነግ ወይም የባሕር አረም፣ እየገፋ ሲመጣበት ተነሥቶ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ከሰውነቱ መርዝ አመንጭቶ ይከላከላል። መርዙ ደግሞ በነፃ አይገኝም፤ ሊያድግበት የሚገባውን ጉልበት ይበላበታል። ይህን ሁሉ ጋሽ ተክለማርያም ጣታቸውን ቀስረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቋጩታል፦ «ሮጦ ማምለጥ ያልቻለ መርዝ ይቀምማል!»

በቀበሌው ሱቅ ስኳር መጣ በተባለ ቀን ሁለት ሴቶች ሰልፍ ላይ በክርን ሲጎሻሸሙ ክቡርነታቸው መሐል ገቡና ስለ ሰፍነግ አስረዱ። ሴቶቹ ወዲያው ታረቁ፤ ተያይዘውም ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሸሹ። ጋሽ ተክለማርያም የእድር ስብሰባ ላይ ሲቀመጡ ግራና ቀኛቸው ያሉት ወንበሮች ባዶ ይሆናሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋዋል። እሳቸው ግን ወንበሮቹን በደስታ እያሳዩ፣ «ተመልከቱ! በሁለት ኮራሎች መካከልም ልክ እንዲህ፣ ማንም የማይደፍረው ባዶ ቦታ ይቀራል» አሉን። እኔም ብሆን ፌርማታው ላይ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ካየኋቸው የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ እል ነበር። ጫማዬ ክር አልነበረውም።

ነገር የመጣው በአጥሩ በኩል ነው። የቤታቸው የኋላ ግድግዳ ወደ እኛ ግቢ ማዘንበል ከጀመረ ቆይቷል። ግድግዳውን እንደገና ለማቆም እንጨት ያስፈልጋልና በ1974 ዓ.ም. አጥሩን ተከትለው ስምንት ባሕር ዛፍ ተከሉ። ዛፎቹ ምሰሶ ለመሆን አምስት ዓመት ይፈልጋሉ። ግድግዳው እስከዚያ ይቆይ አይቆይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጋሽ ተክለማርያም ግን በየጠዋቱ ዛፎቹን በክንዳቸው እየለኩ ተስፋቸውን ይጠብቁ ነበር።

ከአጥሩ ወዲህ ደግሞ የባለቤቴ የዋጋነሽ ጎመን አለ። ኑሮው በተወደደበት በዚያ ዘመን የቤታችን ግማሽ እራት ከዚያ መደብ ነው የሚቀነጠሰው። ባሕር ዛፉ ከፍ ባለ ቁጥር ጎመኑ መጀመሪያ ገረጣ፣ ከዚያ ማደግ አቆመ፣ ከዚያ ከዳር ከዳሩ ይሞት ጀመር። ባሕር ዛፍ በሥሩ ምንም እንደማያበቅል ከኮልፌ እስከ ሳንሱሲ የማያውቅ የለም። የማያውቁት ሊቁ ብቻ ነበሩ። «የዘሩ ጉድለት ነው፤ አመድ ጨምሩበት» አሉን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

እኔ «ጎመን በጤና» ብዬ ልተወው ነበር።

«ጎመኑ የታለና!» አለች ዋጋነሽ፤ በሰኔ 1977 ዓ.ም. ጋሽ ተክለማርያምን በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ከሰሰቻቸው።

የሸንጎው ሰብሳቢ ጓድ ቡልቻ ትዕግሥተኛ ሽማግሌ ናቸው። ዋጋነሽ የደረቀ ጎመን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቃሏን ሰጠች። ጋሽ ተክለማርያም ኮታቸውን ቆልፈው ተነሡ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ዛፎቼ አጥር አልተሻገሩም። ቅርንጫፋቸው አንዲት የጎመን ቅጠል አልነካም።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ ጓድ ቡልቻ። «ዛፍ ሳይነካ እንዴት ይገድላል?»

ጉዳያችን አበቃለት ብዬ ተነፈስኩ። ጋሽ ተክለማርያም እዚያ ላይ ዝም ቢሉ ረትተው ይወጡ ነበር። ግን አስተማሪ ፊቱ የተነገረ ስህተት ሳያርም ማለፍ አይችልም።

«ሳይነካማ ይገድላል እንጂ! አጥንት የሌለው ለስላሳ ኮራል አለ። መናከሻም የለው። መርዙን ወደ ውኃው ይለቅና ውኃው ይወስድለታል። ክንድ ርቆ ያለው ጎረቤቱ መጀመሪያ ይገረጣል፣ ከዚያ ማደግ ያቆማል፣ ከዚያ ከዳር ከዳሩ…»

ቆሙ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጎመን አዩት። አዳራሹ ውስጥ ያለነው ሁሉ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲቀጥሉ ፈለግን።

«ቅጠሉ ይረግፋል» አሉ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «ዝናብ ያጥበዋል። ውኃው ይወስድለታል።» ከዚያ ቀና አሉ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ ጥፋተኛ ነኝ።»

«ኧረ ገና አልፈረድንም!»

«አያስፈልግም። ተፈርዷል።»

እኔ ጋሽ ተክለማርያምን የወደድኳቸው ያን ቀን ነው። ቤቱ በላዩ ሊወድቅበት እያለ እውነቱን አስተካክሎ የሚናገር ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ዋጋነሽ ረትታ ስትመለስ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ጎመኗ ሳይሆን ያዘነበለውን ግድግዳ ለማየት ነበር።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ተክለማርያም ስምንቱንም ባሕር ዛፎች ቆረጧቸው። ምሰሶ የማይሆኑ፣ እንደ ክንድ የቀጠኑ ነበሩ። እንከን የሌላቸውን ሁለቱን መርጠው የጎመኑን መደብ እንድናጥርበት በአጥሩ ላይ አቀበሉን።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናቡ ጋብ እንዳለ፣ ዋጋነሽ ከጓሮ ጠራችኝ። የጋሽ ተክለማርያም ግድግዳ ጭቃውን እያራገፈ ወደ እኛ ጎንበስ ብሏል። ለወጥ ቤት መሥሪያ ቀደም ብለን ገዝተን ያስቀመጥናቸውን ሁለት ወፍራም ግንዶች ተሸክመን ሮጥን። ግንዶቹ እግራቸውን የሚተክሉበት ቦታ ግን አንድ ብቻ ነው፤ የጎመኑ መደብ መሐል። ጎመኑ ከባሕር ዛፉ በኋላ ገና ማገገሙ ነበር። ዋጋነሽን አየኋት። አላየችኝም፤ ጎንበስ ብላ አንድ መስመር ጎመን በእጇ ነቃቅላ ጉድጓዱን ራሷ ቆፈረች። ግንዶቹን አስደግፈን ግድግዳውን አቆምነው።

ጋሽ ተክለማርያም ማምሻውን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በእኛ በኩል ዞረው መጡ። ከእኛ መሬት ተነሥቶ የእሳቸውን ቤት የያዘውን ግንድ በመዳፋቸው ዳበሱት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ኮራል እኮ» አሉ፤ «የገዛ ዘሩ ሲነካው መርዙን ይተዋል። ይለየዋል። ሥጋ ለሥጋ ይጋጠሙና አንድ ሆነው ያድጋሉ።»

ዋጋነሽ ጭቃ የነካ እጇን እንደያዘች ቀና አለች። «ጋሼ፣ ይህን ለምን እስከዛሬ አልነገሩንም?»

«ይኼ የሚመጣው ከመርዙ በኋላ ነው» አሉ። «እስከዚያ ድረስ ቁጭ ብሎ የሰማኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።»

ዋጋነሽ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ወደ ቤት ገባች። ሦስት በርጩማ ይዛ ወጣችና ከጎመኑ አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

«በሉ ይቀመጡ» አለቻቸው። «ከመርዙ ይጀምሩ።»