ኮት ከተለበሰ በኋላ የምትነሣ ጣት

ስብሰባ ባለበት አገር ሁሉ አንድ ሰው አለ። ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ነገር ከሌለ…» ብሎ ወረቀቱን ሲሰበስብ፣ ወንበር ሲንቀጫቀጭ፣ የሁሉም አንድ እጅ ኮት ውስጥ ገብቶ ሌላው እጅጌ ፍለጋ አየር ሲዳብስ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ አንዲት ጣት ቀስ ብላ ትነሣለች። «አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ» ይላል ሰውየው። ከዚያ ሁላችንም ግማሽ ኮት እንደለበስን አርባ ደቂቃ እንቀመጣለን። ይህን ሰው የማያውቅ ካለ ስብሰባ ገብቶ የማያውቅ ዕድለኛ ነው።

በወላጆች ኮሚቴ አለ፤ በቤተ ክርስቲያን ጣራ አሳዳሽ ኮሚቴ አለ፤ በቦውሊንግ ማኅበርም አለ። የሁሉም አለቃ ግን ያሉት እኛ ዘንድ ነው። የተከበሩ አቶ አልቪን ፕሩሳክ ሠላሳ አንድ ዓመት የእሳት አደጋ መኪና ሾፌር ነበሩ። ዛሬ በሰባ አራት ዓመታቸው የኬልበርን ከተማ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጡረታ ፈንድ ቦርድ አባልና የጡረተኞች ተወካይ ናቸው። የአንዲት ትንሽ ነገርም ብቸኛ ባለቤት ናቸው።

ቦርዱ አምስት ሰው ነው። እኔ የብሎንና የቁልፍ ሱቅ አለኝ። እሳት ያጠፋሁት ምድጃዬ ላይ ብቻ ቢሆንም ከንቲባው ቦርዱ ውስጥ ከተቱኝ፤ ጽሕፈቴ ስለሚነበብም ጸሐፊ ሆኜ ቀረሁ። በሦስት ወር አንዴ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከጣቢያው ፎቅ ተሰብስበን ማን ጡረታ ይውጣ፣ ማን በአካል ጉዳት ይውጣ፣ ማንስ እስካሁን በሕይወት አለ የሚለውን እንወስናለን። ሰብሳቢያችን ሻምበል ጌይል ቶርከልሰን የሚነድ ቤት ውስጥ ገብታ ሰው ጎትታ ያወጣች ሴት ናት። የአቶ አልቪን ጣት ስትነሣ ግን ግንባሯ ላይ ላብ አይቻለሁ።

አንድ ጊዜ ጌይል ብልጠት አሰበች። ገና ከስብሰባው መጀመሪያ ኮታችንን እንደለበስን እንድንቀመጥ በጆሯችን ነገረችን፤ ልንወጣ ስንል ኮት መልበሳችን ምልክት እንዳይሆናቸው ነው። አቶ አልቪን ገቡ፣ ተቀመጡ፣ አንድ በአንድ አዩን፣ ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። «አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ። ማሞቂያው ተበላሽቷል? ካልተበላሸ አባላት ኮት የለበሱበት ምክንያት በቃለ ጉባኤ ይመዝገብልኝ።» መዘገብኩ። ምን እንደመዘገብኩ ዛሬ ባነበው ያሳፍረኛል።

በየዓመቱ ጥር ላይ ጡረተኛ ሁሉ በሕይወት መኖሩን የሚያረጋግጥ ቅጽ ፈርሞ ይልካል፤ ቅጹን የሚቀበሉት አቶ አልቪን ናቸው። ሞቃት አገር ሄዶ የሚኖር አንድ የዘጠና ዓመት ጡረተኛ ቅጹ ላይ ጋዜጣ ይዞ የተነሣውን ፎቶ ጨምሮ ላከ። አቶ አልቪን ጋዜጣውን በአጉሊ መነጽር አዩና ስልክ ደወሉለት። «ጋዜጣው ያለፈው ሳምንት ነው። ባለፈው ሳምንት በሕይወት እንደነበርክ አምናለሁ፤ የምጠይቅህ ስለዛሬ ነው።» ሽማግሌው በምን ቃል እንደመለሰላቸው አልጽፍም። አቶ አልቪን ግን ከሰሙት በኋላ ቅጹ ላይ «በሕይወት አለ፤ በሙሉ ኃይሉ» ብለው ጻፉበት።

የራሳቸው ቅጽ ተራ ሲደርስ ደግሞ ጭንቅ ሆነ። ሰው ስለራሱ ለራሱ ማረጋገጥ አይችልም ብለው ሱቄ መጡና ከብሎን መደርደሪያው ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ተመልከተኝ፣ ሎይድ።»

«አየሁዎት።»

«በሕይወት አለሁ?»

«እግዜር ይመስገን፣ አሉ።»

«ችኮላ የለም። እርግጠኛ ሁንና ፈርም።»

የጣቢያው ልጆች በሳቸው መሳቅ የጀመሩት ገና መኪና ሲነዱ ነው ይላሉ። ደወል ተደውሎ፣ ከተማው ተኝቶ፣ መስቀለኛ መንገዱ ላይ ድመት እንኳ ሳይኖር ቆመው ግራና ቀኝ ያዩ ነበር። ከሁሉ ደግሞ ያሳቀው አንቀጽ ዐሥራ አራት ነው። የአለቃቸውን የምሳ ሣጥን በጎማ ከጨፈለቁ በኋላ ራሳቸው አርቅቀው በጣቢያው ደንብ ያስገቡት ነው፤ ደወል ሲደወል ከመኪናው ፊት ያለ ማንኛውም ዕቃ በቅርብ ባለው ሠራተኛ ይነሣል ይላል።

ከሳቂዎቹ ሁሉ የባሰው ማርቲ ህሩስካ ነበር። ማርቲ የአርባ አንድ ዓመት የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ የሦስት ልጆች አባትና የጣቢያው ቀልደኛ ነው። የገና ግብዣ ላይ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ አድርጎ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ የሚቃጠል ቤት ፊት የቆመ ሰው ሆኖ «አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ፤ ይህ እሳት አጀንዳው ላይ አለ ወይ?» ሲል ሰው ከወንበር ይወድቅ ነበር። መኪና ፊት ሹካ ወድቃ ካየ «አንቀጽ ዐሥራ አራት!» ብሎ ይጮኽና በሁለት ጣቱ ያነሣታል። ይህንን ዐሥራ አንድ ዓመት አደረገ። አቶ አልቪን ያውቃሉ፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ ግንቦት ላይ የዓመቱ የፓንኬክ ቁርስ ደረሰ። የዕለቱ ተረኞች ምድጃ ጥደው ለከተማው ሕዝብ ይጋግራሉ። ሁለቱ መኪናዎች ወደ ውጭ ወጥተው በቦታቸው ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ ሦስተኛው ለጥሪ ዝግጁ ሆኖ ይቆማል። ሕፃናቱ ጠዋቱን ሙሉ የድሮውን የናስ ደወል ገመዱን እየጎተቱ ሲደውሉ ይውላሉ፤ የበዓሉ ግማሽ ደስታ እሱ ነው። ማርቲ ሙሉ የሊጥ ባልዲ ሲያነሣ አንሸራተተውና በጀርባው ወደቀ፤ ሊጡ ከራስ እስከ እግሩ ተገለበጠበት። ሕዝቡ አዲስ ቀልድ መስሎት አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። የከተማችን ጋዜጣ ፎቶ አነሣ። ማርቲ ግን አልተነሣም።

ወገቡን ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሦስት ሐኪሞች መርምረው ወደ ሥራ አይመለስም ብለው ፈረሙ። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ የተጎዳው በግዳጅ ላይ ነው ወይስ አይደለም? በግዳጅ ላይ ከሆነ ጡረታው ከፍ ይላል፣ የቤተሰቡም የጤና መድን ይቀጥላል። ካልሆነ መድኑ ይቆማል። የማርቲ መካከለኛ ልጅ ስኳር አለባት፤ በቀን አራት ጊዜ መርፌ ትወጋለች።

ጥቅምት ላይ ተሰበሰብን። ማርቲ በከዘራ ገብቶ ከእንግዶች ወንበር ላይ በጎኑ ተቀመጠ። የቦርዱ ጠበቃ ጉሮሮውን ጠራረገ። (አቶ አልቪንን ከልቡ የሚወድ ከኛ መካከል እሱ ብቻ ነበር፤ የሚከፈለው በሰዓት ነው።) «አዝናለሁ» አለ። «ፓንኬክ መጋገር እሳት ማጥፋት አይደለም። ራሱም ማመልከቻው ላይ የሊጥ ባልዲ ሳነሣ ብሎ ጽፏል። ፎቶውም አለ።» ፈንዱ የጡረተኞች ሁሉና ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ለምንወደው ሰው ብለን ልንከፍተው አንችልም። ተከራከርን፣ ደከምን፣ መልሱ ያው ሆነ። ጌይል ማርቲን ሳታይ ድምፅ ልታስቆጥር ተነሣች። ቶሎ ተገላግለን ከማርቲ ዓይን ለመሸሽ ኮታችንን ሳብን።

አቶ አልቪን እስከዚያች ደቂቃ አንድ ቃል አልተናገሩም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተሳቀባቸው ሰው ናቸውና ፈራሁ። በልቤ «ዛሬን እንኳ ያቺን ጣት ኪስዎ ይክተቱልን» እያልኩ ነበር። ጣቲቱ ተነሣች።

«አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ።»

«ጋሽ አልቪን» አለች ጌይል ዓይኗን ጨፍና፣ «በእናትዎ፣ ሰውየው ይበቃዋል።»

አልሰሟትም። ከቦርሳቸው የጋዜጣውን ፎቶ እንደ ጠረጴዛ ጨርቅ አስፍተው ያሳተሙትን ዘረጉ። ማርቲ በአየር ላይ ነው፣ ሊጡ በአየር ላይ ነው። አቶ አልቪን ጣታቸውን ከሁለቱም አሳልፈው ከበሩ በላይ አሳረፉት።

«ይቺ ቀይ መብራት ምንድን ናት?»

«የጥሪ መብራት ናት» አለች ጌይል።

«በርታለች ወይስ ጠፍታለች?»

ጌይል ዓይኗን ከፈተች። «በርታለች።»

«ደወል የሚጎትቱት ልጆች ሊያበሯት ይችላሉ?»

«አይችሉም። የምትበራው ከጥሪ ማዕከል ነው።»

«ማዕከሉ ሄጄ መዝገቡን አየሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከዐሥራ አራት፣ የወጥ ቤት እሳት ተብሎ ጥሪ መጥቷል። ደቂቃ ሳይሞላ ስሕተት ነው ተብሎ ተሰርዟል። ተረኞቹን ሦስቱንም ጠየቅኋቸው፤ መኪናው ላይ እየተሳፈሩ ነበር፤ ሲወርዱ ማርቲ ወድቋል። ከዚያ በፊት ሲጋግር የወደቀ መስሏቸዋል። ለምን አልተናገራችሁም ብላቸው የጠየቀን የለም አሉኝ።» ከዚያ ወደ እንግዶቹ ወንበር ዞሩ። «ማርቲ፣ ባልዲውን ለምን አነሣኸው?»

«እንጃ፣ ጋሼ። የልጆቹ ደወል ጠዋቱን ሙሉ ሲጮኽ ነበር፣ የጥሪውን አልለየሁትም። ባልዲው መንገድ ላይ ነበር።»

«የማን መንገድ ላይ?»

ማርቲ ፎቶውን አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲቀላ አየሁት።

«የመኪናው» አለ። ከዚያ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንቀጽ ዐሥራ አራት።»

«ጆሮህ ባይለየውም እጅህ ለይቶታል» አሉ አቶ አልቪን። «ይመዝገብልኝ።»

ጠበቃው ሁለት ጊዜ ወረቀቱን አገላብጦ «ይህማ ግዳጅ ነው» አለ። አምስት ለዜሮ አጸደቅን። ጌይል አፍንጫዋን እየጠራረገች «ሌላ ነገር ከሌለ…» ስትል ጣት ተነሣች፤ የዛሬዋ ጣት ግን የማርቲ ነበረች።

«አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ» አለ፤ ሊቀልድ አልነበረም። «ጋሽ አልቪንን ለማመስገን…»

«አይቻልም» አሉ አቶ አልቪን። «የእንግዶች አስተያየት ተራ ቁጥር ሁለት ላይ ነበር፣ አልፏል። ምስጋና አጀንዳው ላይ የለም። ለሚቀጥለው ስብሰባ በጽሑፍ አስገባ።» ኮታቸውን ለብሰው ከሁላችን ቀድመው ወጡ። እንዲህ ሲያደርጉ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

ማርቲ በጽሑፍ አስገባ። ጥር ላይ፣ በረዶው መስኮቱን ሲመታ፣ አጀንዳው ላይ ተራ ቁጥር ሰባት «ምስጋና፤ በማርቲ ህሩስካ» ይል ነበር። ተራው ሲደርስ አቶ አልቪን ብድግ አሉ። «ጉዳዩ እኔን ስለሚመለከት የጥቅም ግጭት አለብኝ። እስኪያልቅ ውጭ እቆያለሁ።» ማንም ሊያስቀራቸው አልቻለም፤ ደንቡ እሳቸው እንዳሉት ነው። በሩን ዘጉ። ከበሩ ስር የጫማቸው ጫፍ ይታየኝ ነበር፤ ከበሩ አንድ ስንዝር እንኳ አልራቁም።

ማርቲ ከወረቀት አነበበ። «ዐሥራ አንድ ዓመት በእርስዎ ስቄያለሁ። አሁን ልጄ ጠዋት ጠዋት መርፌዋን ስትወጋ ስምዎን አነሣለሁ። ከእንግዲህ ጎንበስ ብዬ ከመሬት ምንም ማንሣት አልችልም። ቤት ውስጥ ዕቃ ሲወድቅ ግን ሦስቱም ልጆቼ አንቀጽ ዐሥራ አራት እያሉ ተሽቀዳድመው ያነሡታል። ስለዚህ ደንቡ እየተከበረ ነው።» ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው በኃይል ተናፈጠ።

አቶ አልቪን ተመልሰው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ አንድ ነገር አልጠየቁም። ጌይል ሌላ ነገር ከሌለ አለች። ወረቀት ተሰበሰበ፣ አንድ እጄ ኮቴ ውስጥ ገባ።

«አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ» አሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ተራ ቁጥር ሰባት ላይ አልነበርኩም። በትክክል መመዝገቡን ማረጋገጥ ግዴታዬ ነው። ይነበብልኝ።»

አነበብኩላቸው፣ ቃል በቃል። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

«ስለ ልጅቷ የሚለው አልተሰማኝም። ድገመው።»

ደገምኩት። እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ፤ የዚያን ቀን ነው የገባኝ።

«ይበቃል ወይስ ሦስተኛ ላንብበው?» አልኳቸው።

መስኮቱን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ በመጨረሻም ጣታቸውን አወረዱ።

«ጊዜ ካላችሁ» አሉ።

ኮቴን አወለቅሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።